የአያት መልክ፣ የልጅ ነፍስ

ጥያቄ፦ አባቴ ባረፉ በዓመቱ ወንድ ልጅ ተገላገልሁ። ከቀኝ ጆሮው ሥር ልክ እንደ አባቴ ጥቁር ምልክት አለው፤ እናቴም ሕፃኑን ባጠበችው ቁጥር ምልክቱን በጣቷ እየዳሰሰች «እሳቸው ናቸው ተመልሰው የመጡት» ትላለች። አንድ የሥራ ባልደረባዬም ጌታ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ «ኤልያስ ይህ ነው» ማለቱን ጠቅሶ፣ ነፍስ ሌላ ሥጋ ለብሳ እንደምትመለስ መጽሐፍ ቅዱስ ይደግፋል አለኝ። እውነት ነውን? (ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)

መልስ፦ እግዚአብሔር የአባትዎን ነፍስ ይማር፤ ልጅዎንም ያሳድግልዎ። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አይደግፍም። ሆኖም ባልደረባዎ የጠቀሱት ቃል በማቴዎስ 11፥14 በእርግጥ ተጽፏልና በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል።

ዮሐንስ ራሱ «ኤልያስ ነህን?» ተብሎ ሲጠየቅ «አይደለሁም» ብሏል (ዮሐንስ 1፥21)። ሁለቱን ቃል የሚያስማማልን መልአኩ ለዘካርያስ የነገረው ነው፤ ልጁ «በኤልያስ መንፈስና ኃይል» ይሄዳል አለው እንጂ ኤልያስ ከሚስትህ ይወለዳል አላለውም (ሉቃስ 1፥17)። የኤልያስ መንፈስ በኤልሳዕ ላይ እንዳረፈ በተነገረ ጊዜም ኤልሳዕ የራሱ ነፍስ ያለው ሙሉ ሰው ነበር (2ኛ ነገሥት 2፥15)፤ ስለዚህ በዚህ አነጋገር መንፈስ ማለት ጸጋና አገልግሎት ነው። ከሁሉም በላይ ኤልያስ በዐውሎ ነፋስ ዐረገ እንጂ አልሞተም፤ ያልሞተ ሰው ሌላ ሥጋ ለምን ይሻል? የዮሐንስ አንገት ከተቆረጠ በኋላም፣ በየዓመቱ በቡሄ በምናስበው በደብረ ታቦር፣ ከሙሴ ጋር የታየው ኤልያስ ራሱ ነው።

«ዳግመኛ መወለድ» የሚለው ቃልም ብዙዎችን ያሳስታል። ኒቆዲሞስ ሰው ሁለተኛ ወደ እናቱ ማኅፀን ይገባ ዘንድ ይችላልን ብሎ ሲጠይቅ፣ ጌታ የመለሰለት ስለ ውኃና ስለ መንፈስ ነው (ዮሐንስ 3)። ልጅዎ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሥቶ ከሆነ ዳግመኛ የተወለደው ያን ዕለት ነው።

ታዲያ አባትዎ የት ናቸው? በ81ዱ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በምዕራፍ 22፣ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩበትን ስፍራ ያሳየናል፤ ለጻድቃን በተለየው በኩልም ብሩህ የውኃ ምንጭ አለ። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ሄኖክ በዚያ የሰማው ጩኸት ነው፤ የሚጮኸው በቃየን ላይ የሚከሰው የአቤል መንፈስ ነበር። ያን ያህል ዘመን አልፎም አቤል አቤል ነው፤ ሌላ ሰው አልሆነም። «አንድ ጊዜ መሞት ከእርሱ በኋላም ፍርድ» የሚለውም (ዕብራውያን 9፥27) ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። ሥጋም ተጥሎ የሚቀር ልብስ አይደለም፤ በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ፋሲልን አፅም በክብር የሚጠብቁት መነኮሳት ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ ያደርጋሉ።

እናትዎን ግን በክርክር አያሳዝኗቸው። የአገራችን ሰው ሐዘን በገባበት ቤት ለተወለደ ልጅ ካሣ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ብሎ ስም ሲያወጣ፣ የሞተው ተመለሰ ማለቱ ሳይሆን እግዚአብሔር የሚያጽናና ሰጠን ማለቱ ነው። ምልክቱ በዘር የመጣ የአያት ስጦታ ሊሆን ይችላልና እየዳሰሱ ይጽናኑበት። ለአባትዎ ተዝካር ሲያወጡ ለካህኑ የአባትዎን የክርስትና ስም ይስጡ፤ ሕፃኑንም ሲያቆርቡ የራሱን።