ጃዝ ሲጫወት የሚያመሸው ባሌ ቤት ውስጥ ጃዝ አይሰማም

ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እጽፍልዎታለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ባሌ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው። በሳምንት አምስት ማታ ክለብ ውስጥ ጃዝ ይጫወታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ።

እሱን ሳላውቅ በፊት ጃዝ የሚባል ነገር አይገባኝም ነበር። ለሱ ስል ተማርኩ። እውነቴን ነው፣ እንደ ፈተና ነው ያጠናሁት። ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ የቱ ባንድ መቼ እንደተበተነ ሁሉ አውቃለሁ። መጀመሪያ ጫጫታ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ቀስ በቀስ ግን ገባኝ። አሁን ሳክስፎኒስቱን ጆን ኮልትሬንን ስሰማ ሆዴ ይባባል።

ባለፈው ወር ልደቱ ነበር፤ ዕረፍት ወስዶ ቤት ዋለ። ማታ መብራቱን ቀነስ አድርጌ ኮልትሬንን ከፈትኩለትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ተነስቶ አጠፋው። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ እኮ ሥራ የለኝም» አለኝ። ለሱ ሥራ ነው! እኔ ለስጦታ ብዬ ነበር።

ያን ዕለት ሌሊት ስነቃ አልጋው ላይ የለም። ሳሎን ጨለማ ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ ተቀምጧል። አንዱን ነቅዬ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የድሮ የፍቅር ዘፈን! ያ እየዬ የሚበዛበት፣ ጓደኞቹ ሲሰሙት የሚስቁበት ዓይነት። በጣም አፈረ። «ለባንዱ ልጆች እንዳትነግሪ» ብሎ ለመነኝ።

የሚጫወተውን ካልወደደው ሌሊታችንን ለምን ሰጠው? ዘመድ ቤት ብቻዬን የምሄደው፣ ቅዳሜ ማታ ብቻዬን የማመሸው ለምኑ ነው? ቤት ሲሆን ደግሞ ዝም ነው። ድምፁ የሚሰማው ሲለማመድ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ኖታ ይዞ ግማሽ ሰዓት። ሪዶቹን፣ ማለት ሳክስፎኑ አፍ ላይ የሚገጠሙትን ቀጫጭን ሸምበቆዎች፣ የሚዘፈዝፈው የጥርስ ብሩሼን የማስቀምጥበት ብርጭቆ ውስጥ ነው። ባለፈው ተናድጄ አንዱን ልጥለው ነበር።

ሞኝ ሆኜ ይሆን? ለሱ ብዬ የወደድኩት ነገር ላይ ብቻዬን ቀረሁ።

የሳክስፎኒስቱ ሚስት

*

እህቴ፣

ሞኝ አይደለሽም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺን የወጋሽ «ሥራ የለኝም» የሚለው ቃል እኔን ወደ ኋላ መለሰኝ። ይህን አምድ ከመያዜ በፊት ለ19 ዓመት ክለብ ውስጥ ኮንትራባስ (ቆሞ የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ) ተጫውቻለሁ። ቤት ውስጥ ጃዝ ሲከፈት ጆሮዬ አርፎ አይቀመጥም ነበር። ድራመሩ ሲምባሉን ወደ ፊት እየገፋው ነው ወይስ እየጎተተው? ፒያኖው ያንን ኮርድ በምን ቀየረው? ቤዙ አሁን የት ሊገባ ነው? ሰው እያዋራኝ እንኳ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ ይጫወታሉ።

ኮልትሬን ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለሳክስፎን ተጫዋች ኮልትሬንን መስማት እሱ ራሱ ገና ያልደረሰበትን ሁሉ መስማት ነው። ሰውየው ከመድረክ ወርዶም ልምምድ አያቆምም ነበር፤ ሳክስፎኑን እንደያዘ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር ይነገርለታል። በልደቱ ማታ አጠገቡ ያስቀመጥሽበት ያንን ሰው ነው። ባልሽ ያጠፋው እሱን ነው፤ ያንቺን ስጦታ እንደናቀ አድርገሽ አትውሰጂው። ግን አስረድቶ፣ አመስግኖ ማጥፋት ይችል ነበር። ይህንን ልትነግሪው ይገባል።

የድሮውን የፍቅር ዘፈን በተመለከተ ደስ ብሎኛል። ታላቁ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ሉዊስ አርምስትሮንግ የጋይ ሎምባርዶን ኦርኬስትራ አጥብቆ ይወድ ነበር። ሎምባርዶ የጃዝ ሰዎች «ስኳር በዛበት» እያሉ የሚስቁበት የዳንስ ባንድ መሪ ነው። አርምስትሮንግ ግን አልደበቀም፤ በአደባባይ አወደሰው። ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከርም ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ይሰማ ነበር ይባላል። ቢባፕ የሚባለውን ያን ፈጣንና ውስብስብ የጃዝ ስልት ከፈጠሩት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ሥራ መሃል በሚያርፍበት ጊዜ የዘፈን ማጫወቻ ሳጥን ውስጥ ሳንቲም እየከተተ የካንትሪ ዘፈን ያስመርጥ ነበር። ጓደኞቹ ግራ ገብቷቸው ምን አግኝተህበት ነው ሲሉት፣ ታሪኩን ስሙት አላቸው ይላሉ።

ሌስተር ያንግን ደግሞ በተለይ ለባልሽ ስል ላንሳው። እሱም ሳክስፎኒስት ነበር፤ ዘፋኙን ፍራንክ ሲናትራን ይወድ ነበር። አንድን ዘፈን ለመጫወት ግጥሙን ማወቅ አለብህ ብሎ ያምን ነበር። ሳክስፎን ቃል አይናገርም። ቃሉ በተጫዋቹ ሆድ ውስጥ ካለ ግን ትንፋሹ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል፤ ዘፋኙ ቃል በሚጨርስበት ላይ ያርፋል። ባልሽ ክለብ ውስጥ ዝግ ያለ ዘፈን ሲጫወት አንድ ማታ ሂጂና ትንፋሹን ተከታተዪ። ያ እየዬ የሚበዛበት ዘፈን እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከባንዱ ልጆች ለምን እንደሚደብቀው ይገባኛል፤ በሙያችን የሰው ጣዕም ላይ መሳቅ የተለመደ ነው። ብዙ ጥሩ ልጅ የሚወደውን ትቶ መውደድ ያለበትን ሲያስመስል አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ሥራውን አይወደው ይሆን ብለሽ የተጨነቅሽውን ግን ተዪው። ማንም ሳይሰማው፣ ማንም ሳያጨበጭብለት አንድ ኖታ ይዞ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው የማይወደውን አያደርግም። አንድ ቀን የታችኛው ከንፈሩን ውስጡን እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የጥርስ ምልክት ታያለሽ። ከንፈሩን ጥርሱ ላይ አጥፎ፣ ሪዱን እዚያ ላይ አሳርፎ በየቀኑ ለሰዓታት ስለሚነፋ ነው። ያ አንድ ረጅም ኖታም የትንፋሽና የድምፅ ልምምድ ነው። ሳክስፎኒስቱ ሶኒ ሮሊንስ ስሙ ከገነነ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1959 መድረክ ትቶ እስከ 1961 ድረስ ኒውዮርክ ዊልያምስበርግ ድልድይ ላይ እየወጣ ይለማመድ ነበር። ድልድዩን የመረጠው ጎረቤት እንዳይረበሽ ብሎ ነው፤ ጎረቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ የልምምድ ሰዓት ወይም ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ብትጠይቂው ጥበቡን አትነኪበትም።

ዝምታውን በከፊል ለጆሮው ስጪው። ከሲምባል አጠገብ አራት ሰዓት የቆመ ጆሮ ቤት ሲገባም ይጮኻል። የኔ ግራ ጆሮ ዛሬ ቀጭን ድምፅ አይሰማም። የጆሮ መሰኪያ እንዲያደርግ ንገሪው፣ እባክሽ፤ ወጣት ሳለ አይታወቀውም። ደግሞም ከመድረክ የወረደ ሰው ቶሎ አይበርድም። ሰውነቱ ቤት ይገባል፣ ልቡ ገና ሦስተኛው ዘፈን ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የትዳር ጉዳይ አታንሺበት።

አሁን አንቺ ትክክል ወደሆንሽበት ልምጣ። የሱ ሙያ ሌሊትሽን ሲወስድ ማንም አላማከረሽም። የጃዝ ታሪክ ሲተረክ ቤት የቀሩት ሴቶች አይነሱም፤ ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። ፒያኒስቱን ቴሎኒየስ ሞንክን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ1951 የኒውዮርክ ፖሊስ የክለብ መሥሪያ ካርዱን ነጠቀው። ካርዱ ከሌለ የከተማዋ ክለቦች ውስጥ መጫወት አይቻልም ነበር፤ ስድስት ዓመት ያህል እንደዚያው ቆየ። ቤቱ የቆመው ሚስቱ ኔሊ እየሠራች ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ኔሊ ታማ ሆስፒታል ስትገባ ሞንክ ለሷ አንድ ዜማ ጻፈ። በጣም የሚያምር ዜማ ነው፤ ዛሬም ይጫወቱታል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር እነዚያን ስድስት ዓመታት አስባለሁ።

አርምስትሮንግ ደግሞ ዓመቱን በመንገድ ላይ የሚጨርስ ሰው ነበር። እሱ ጉዞ ላይ እያለ እ.ኤ.አ. በ1943 ሚስቱ ሉሲል ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ ቤት ገዛች። እሱ እስኪመጣ ወይም እስኪወስን አልጠበቀችም። ቤቱን ወደደው፤ እስኪሞት እዚያ ኖረ። እዚያ ቤት ሲሆን ቴፕ እየከፈተ የሁለቱን ወሬና ክርክር ሁሉ ይቀዳ ነበር።

አንቺም ቀን ያዢ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በስም። ብዙ ሙዚቀኛ የሚያርፈው ሰኞ ስለሆነ ሰኞ ይሁን ልትይው ትችያለሽ፤ ግን ጠብቂው። ትራምፔት ተጫዋቹ ታድ ጆንስና ድራመሩ ሜል ሉዊስ አንድ ትልቅ ባንድ አቋቁመው፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው የኒውዮርክ ክለብ ሰኞ ማታ መጫወት ጀመሩ። ሰኞን የመረጡት ሙዚቀኞቹ ሥራ የሌላቸው በዚያ ቀን ስለነበር ነው። ባንዱ ዛሬም ሰኞ ማታ ይጫወታል። ሙዚቀኛ የዕረፍት ቀኑን ለሌላ ሙዚቃ ያበድራል፤ ስስታም ሆኖ አይደለም፣ «አንድ ሰው ጎድሎብናል ና» ሲባል አልሄድም ማለት ስለማይችል ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። የትዳር ጓደኛዬ ቀኑን ባትይዝብኝ ኖሮ ዛሬ አብረን አንሆንም ነበር። ባልሽ ያንን ቀን ለሌላ ሰው ከሰጠ በምትኩ ሌላ ቀን ያምጣ፤ በዚያው ሳምንት።

በዚያ ቀን ኮልትሬንን አትክፈቺ። ያንን የፍቅር ዘፈን እንዲያሰማሽ ጠይቂው፤ በኢርፎን ሳይሆን ሳሎን ውስጥ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። መጀመሪያ የት እንደሰማው፣ ያኔ ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠይቂው። ኮልትሬንን ለብቻሽ ስሚው። ለሱ ብለሽ ጀመርሽው፣ አሁን ሆድሽን የሚያባባው ግን ያንቺው ነው። እሱ ሥራ ሲሄድ ክፈቺው፣ እስከ መጨረሻው።

ሪዱን ግን አትጣይው። ከአንድ ፓኮ አስር ሪድ ውስጥ መድረክ ላይ የሚያምነው ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኝ ነው፤ የጣልሽው ከነዚያ አንዱ ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ ያዝናል። ሌላ ብርጭቆ ግዢለትና ከመታጠቢያው ሌላኛው ጥግ አስቀምጪለት፤ ያንቺን ብርጭቆም አጥቦ እንዲመልስልሽ ንገሪው።