ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ የምህንድስና ተማሪ አራት ኪሎ ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ሰው በራሱ ጣቢያ ለንግድ ሳይሆን ለፍላጎቱ ከዓለም ጋር የሚነጋገርበትን ሬዲዮ፣ ሊጀምር ቆርጦ ተነስቷል። ቡናው እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም፤ «ጋሼ፣ አሜሪካ ለመድረስ ስንት ዋት ያለው ልግዛ?» አለኝ። «እስከ ዛሬ ስንት ሰዓት ቁጭ ብለህ አዳምጠሃል?» አልኩት። ዝም አለ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በዚያ ዝምታ ምክንያት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሬዲዮ መገናኛ ሥራ ስኖር ብዙ ጎበዝ ልጆች ከጆሯቸው ይልቅ ጣታቸው ሲቀድም፣ ሳያዳምጡ የማስተላለፊያውን ቁልፍ ሲጫኑ አይቻለሁ።

አየሩ የጋራ ነው። አንድ ፍሪኩዌንሲ ጸጥ ያለ ስለመሰላችሁ ብቻ ባዶ አይደለም፤ እናንተ የማትሰሙት ሰው፣ ለጊዜው ዝም ብሎ የሚያዳምጠውን ሌላ ሰው እያነጋገረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥቂት አዳምጡ፣ «ይህ ቦታ ተይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልስ ካጣችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ጥሪ የምታሰሙት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

በማዳመጥ የምትማሩት ሌላም አለ። ቀን ቀን የ14 ሜጋ ኸርዙ ባንድ (የሞገድ ክልል) ሩቅ ያደርሳችኋል፤ 7 ሜጋ ኸርዝ ግን ፀሐይ እያለች የአዮኖስፌሩ፣ ማለትም ሞገድ የሚመልሰው የላይኛው አየር፣ የታችኛው ንብርብር ስለሚውጠው ሩቅ አይሄድም። ሲመሽ ያ ንብርብር ይጠፋና ባንዱ ይከፈታል። አዲስ አበባ ደግሞ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 58 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲካሄድ አራት ኪሎ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። በተለይ በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ሲርገበገብ ብትሰሙ ሬዲዮአችሁን አትጠርጥሩ። በዚህ ወገብ አቅራቢያ የሚታወከው ሰማዩ ነው።

መሃል ከተማ ስለሆንን የሚያስቸግረን ሩቁ ጣቢያ ሳይሆን የቤታችን ጫጫታ ነው፤ የኤልኢዲ አምፖሉ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ የጎረቤት ኢንቨርተር። ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ሬዲዮውን በባትሪ አብሩና አዳምጡ። ያን ጊዜ የምትሰሙት ከዚያ በፊት ተሸፍኖባችሁ የኖረ ዓለም ነው። መብራት ሲመጣ እቃዎቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ረባሹን ፈልጉት። ይህን የሠራ ልጅ ዋት ሳይጨምር ብዙ ያተርፋል።

አሁን ስለ እኛ ልዩ ጉዳይ ልንገራችሁ። በኢቲ (ET) የሚጀምር የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት፣ ማለትም የጣቢያ መለያ ስም፣ በዓለም አማተሮች ዘንድ ብርቅ ነው። አንዴ ጥሪ ስታሰሙ ከአውሮፓና ከእስያ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ይጮኽባችኋል። ፓይልአፕ ይሉታል። አትደንግጡ። ከጩኸቱ መሃል ሁለት ፊደል ከያዛችሁ «በእነዚህ ፊደላት ያለው ጣቢያ ብቻ» በሉና ያንን ሳትጨርሱ ሌላ እንዳትቀበሉ። አንዴ ከሕጋችሁ ውጭ የጮኸ ከተሳካለት ሁሉም ይጮኻል። ግርግሩ ሲበዛ እናንተ በአንድ ቦታ እየተናገራችሁ 5 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ብላችሁ አዳምጡ፤ ይህንንም ቶሎ ቶሎ አሳውቁ። ማይኩን አራት ጣት ያህል አርቃችሁ በተለመደ ድምፃችሁ ተናገሩ። መጮኽ ድምፁን ያበላሻል፣ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲንም ይበክላል።

ማንን መቼ እንዳነጋገርን የምንመዘግብበት የሎግ ደብተር ነገር አንጀቴን ይበላዋል፤ በወጣትነቴ አንድ ሙሉ ወር የእኔን ሰዓት ጽፌ፣ ግንኙነቱን ለማረጋገጥ ከውጭ የመጡት ካርዶች አንዱም ከደብተሬ ጋር አልገጥም ብሎኝ ነበር። ሎግ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ነው። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በዚያ አቆጣጠር 6 ሰዓት ነው፤ የእኛ ማታ 3 ሰዓት ደግሞ 18 ሰዓት። ቀኑም የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ጠረጴዛችሁ ላይ በዚያ ሰዓት የሚሠራ ሁለተኛ ሰዓት አስቀምጡ።

ወደ ደህንነቱ ልምጣ። ወጣት ቴክኒሻን ሳለሁ ጣሪያ ላይ ቆሜ የዳይፖል (በመሃሉ የሚመገብ ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ) አንቴና ጫፍ በእጄ ይዤ ሳስር፣ ታች ያለው ባልደረባዬ ሳይጠይቀኝ ቁልፉን ተጫነ። እንደ መብራት ንዝረት አልነበረም። አመልካች ጣቴ ላይ ምስር የምታክል ነጭ ነጥብ ወጣች፣ የተቃጠለ ጥፍር ሸተተኝ። ላይዋ ትንሽ ብትሆንም ውስጧ ጥልቅ ነበረችና ለመዳን ብዙ ቆየች። የዳይፖል ጫፍ ቮልቴጁ ከፍ የሚልበት ቦታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያ ከመውጣቴ በፊት ማይኩን ከሬዲዮው ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የአንቴናውን ጫፍ ደግሞ ልጅ ከማይደርስበት ቦታ አርቁት።

የዳይፖሉን ርዝመት በሜትር ለማወቅ 143ን ለሜጋ ኸርዙ አካፍሉ፤ ለ14.2 ወደ 10 ሜትር ይመጣል፣ በየጎኑ 5። ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ኋላ ታሳጥሩታላችሁ። ስትሞክሩ በ10 ዋት ይሁን፤ ኤስደብሊውአሩ (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር) ከ2 በታች ሳይወርድ 100 ዋት አትልቀቁ። የባህር ዛፍ ምሰሶ ስታቆሙ፣ ቢወድቅ እንኳ የመብራት ሽቦ የማይደርስበት ቦታ ምረጡ። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ባለ 100 ዋት ሬዲዮ በ13.8 ቮልት 20 አምፔር ያህል ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ይግላል፤ ፊውዙ ቢቃጠል በመዳብ ሽቦ አትተኩት። ክረምት ላይ ደመናው ከእንጦጦ በኩል ሲጠቁር፣ ነጎድጓዱ ሳይሰማ በፊት የአንቴናውን ኬብል ነቅላችሁ ከቤት አውጡት። መብረቁ ከደረሰ ግን አትንኩት፤ ሬዲዮው ይቅርባችሁ።

ፈቃድ ሳይኖራችሁ ቁልፍ አትንኩ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ፍሪኩዌንሲውን የሚያስተዳድረው። ርካሽ የእጅ ሬዲዮ የያዛችሁ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ። የአማተሩ ባንድ ከ144 እስከ 146 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ከ118 እስከ 137 ያለው የአውሮፕላኖች ነው፣ ቦሌ ደግሞ እዚሁ አጠገባችን ነው። እስከዚያው አምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ወደሚገኘው የኢቲ3ኤኤ (ET3AA) አማተር ሬዲዮ ክለብ ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ከሚያውቁት ጎን ተቀመጡ።

ተማሪው ቅዳሜ ማታ ተመልሶ መጣ። ማዳመጫውን አጠለቅሁለትና 7 ሜጋ ኸርዝ ላይ ተውኩት። ሁለት ሰዓት ያህል አንድ ቃል ሳይናገር ቆየ። ሲነሳ ደብተሩ ላይ የ14 ጣቢያ የጥሪ ምልክት ነበር፣ ሁሉም በዓለም አቀፉ ሰዓት የተጻፈ።