የወላጅነት መብት የማቋረጥ ክርክር ለምን ይጓተታል?

ውድ እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የእህትሽ ልጅ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በፎስተር ኬር (መንግሥት ልጅን ከወላጆቹ ወስዶ ለጊዜው ሌላ ቤት በሚያኖርበት ሥርዓት) አንቺ ጋ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የእናቱና የአባቱ የወላጅነት መብት ይቋረጥ የሚል አቤቱታ ቀርቧል። ችሎቱ ግን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይሰጣል። «እንዴት ይፋጠን?» ነው ያልሽው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። በዚሁ አካባቢ የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ እንዲህ ባሉ ችሎቶች ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሁሌም የሚገርመኝ፣ ችሎቱን መጨረሻ ላይ የሚያዘገየው ነገር ልጁ ከቤት በወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ሳይሠራ የቀረ ሥራ መሆኑ ነው።

ትልቁ ጣጣ አባት ነው። እናትየዋ በመጀመሪያው ቀን ስትጠየቅ ደንግጣ «የት እንዳለ አላውቅም» ትላለች። ደግሞ የሚጠይቃት የለም። ከዓመት በኋላ አቤቱታው ሲገባ ግን ለአባትየው መጥሪያ መድረስ አለበት። ፍለጋው ያኔ ይጀመራል። በዚያ ላይ የኛ አሰያየም አለ። ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፣ አባትየው በራሱ አባት ስም፣ እናትየዋ በሌላ። ሥራ የበዛበት ሶሻል ወርከር (የልጁን ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛ) የልጁን «ላስት ኔም» ይዞ አባቱን በዚያው ይፈልጋል። እንዴት ተብሎ ይገኛል? ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የልደት ቀኑ አንዱ ወረቀት ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ነው። ሰውየው አዲስ አበባ ከሆነማ ጉዳዩ ይብሳል፤ ኢትዮጵያ የፍርድ ቤት ወረቀት ውጭ አገር ስለማድረስ የተደረገው የሄግ ስምምነት አባል አይደለችም።

ስለዚህ ዛሬውኑ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። የአባትየውን ስም እስከ አያት፣ ስሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈባቸውን መንገዶች በሙሉ፣ የነበረበትን ሰፈር፣ የወንድምና የእህቶቹን ስልክ። በቴሌግራም የሚያገኘው ሰው ካለም ጨምሪ። አንዱን ቅጂ ለሶሻል ወርከሩ፣ አንዱን ለልጁ ጠበቃ ስጪ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ልጅ ከቤት በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ዘመዶቹ ተፈልገው እንዲነገራቸው ያዛል። በወረቀት ላይ በጣም ጥሩ ነው።

ሌላው የኔው ሙያ ነው። «ኢትዮጵያዊት ናት» ተብሎ አማርኛ አስተርጓሚ ይጠራል። ስንገባ እናትየዋ የምትናገረው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ይሆናል። ቀጠሮ ይለወጣል። ከችሎቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ከችሎት ውጭ ያለው ነው። እናትየዋን «የወላጅነት ትምህርት ውሰጂ» ይሏትና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ይሆናል። የክርክሩ ቀን ጠበቃዋ ተነስቶ «ደንበኛዬ የሚገባትን አገልግሎት አላገኘችም» ይላል። እውነቱን ነው። ዳኛው ምን ያድርግ? ጊዜ ይሰጣታል። እህትሽ አገልግሎቱን በምትሰማው ቋንቋ እያገኘች እንደሆነ አጣሪ። እሷ ላይ የተፈጸመ በደል የልጁንም ጉዳይ ይጎትታል።

የጊዜ ገደብ የለም ወይ ላልሽው፣ አለ። የ1997ቱ የፌዴራል ሕግ ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር ካሳለፈ መንግሥት አቤቱታ ያቅርብ ይላል። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ አቤቱታው ከገባ በ180 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤቱ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። ቴክሳስ ከዚህም ይከራል፤ ክርክሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተጀመረና ዳኛውም እስከ 180 ቀን ካላራዘመው፣ መዝገቡ በራሱ ይዘጋል። ቀን መቁጠር ብቻውን ግን ከባድ አደጋ አለው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 ባሳለፈው ውሳኔ የወላጅነት መብት የሚቋረጠው ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ሲኖር ነው። መጥሪያ ያልደረሰው አባት ወይም ያልተተረጎመለት ወላጅ ይግባኝ ብሎ ካሸነፈ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ሳይጣራ የተቻኮለ መዝገብ ከሁሉም የባሰ ሲረዝም አይቻለሁ።

አንቺ ተከራካሪ ወገን አይደለሽም። ይሁን እንጂ ልጁን የምታሳድጊ ዘመድ ስለሆንሽ ችሎት ሲኖር እንዲነገርሽና እንድትደመጪ የፌዴራል ሕጉ መብት ይሰጥሻል። ብዙ የኛ ሰው ይህን አያውቅም፤ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብሎ ይመለሳል። ግቢና ተናገሪ። የልጁን ጠበቃ ደግሞ አንድ ነገር ለምኚው፤ ክርክሩ በተከታታይ ቀናት እንዲያዝ ይጠይቅ። ግማሽ ቀን ዛሬ፣ ግማሽ ቀን ከወር በኋላ ሲሆን ምስክር ይጠፋል፣ ሶሻል ወርከር ይቀየራል፣ ዳኛው ራሱ የሰማውን እንደገና ማንበብ ይኖርበታል። ሽምግልና የሚያመቻች ፍርድ ቤት ከሆነም ከክርክሩ በፊት ይሞከር። እኛ ደግሞ ሽምግልና አዲስ አይሆንብንም።

አሁን ምናልባት የማትወጂውን ልጠይቅሽ። የእህትሽ መብት የግድ መቋረጥ አለበት? የ15 ወሩ ሕግ ልጁ ዘመድ ጋ ሲሆን አቤቱታ ሳይቀርብ እንዲቀር ይፈቅዳል። መብቷ ሳይቋረጥ አንቺ በፍርድ ቤት አሳዳጊ የምትሆኚበት መንገድም አለ። በ2008ቱ ሕግ ምክንያት ለእንዲህ ያለው ዘመድ ወርኃዊ ድጎማ ሊኖር ይችላል። ድጎማው ግን ሁኔታዎች አሉት፤ አንቺ ፈቃድ ያገኘሽ ፎስተር ወላጅ መሆን አለመሆንሽ ወሳኝ ነው፣ ስምምነቱም ከፍርዱ በፊት መፈረም አለበት። ይህን ለልጁ ጠበቃና ለሶሻል ወርከሩ በኢሜይል ጽፈሽ ጠይቂ፤ በቃል ያለሽውን ቀጥሎ የሚመጣው ሶሻል ወርከር አያገኘውም።