ትርፉ እርግጠኛ ካልሆነ የቱን ልምረጥ? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ትርፍና ስለ ዕድል የመጡልኝን ጥያቄዎች ዛሬ እመልሳለሁ። እኔ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለማስረዳት ብቻ ናቸው።

ጥያቄ (ከሰኞ ገበያ፣ ነጋዴ)፦ መምህር፣ ከሁለት ዓይነት ዕቃ አንዱን ለማምጣት ሳስብ በአማካይ የበለጠ የሚያተርፈውን እመርጣለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አማካይ ብቻውን አይበቃዎትም። አንዱ ዕቃ በእኩል ዕድል 2,000 ወይም 6,000 ብር ያተርፋል እንበል። አማካዩ 4,000 ነው። ሌላው ከ10 ጊዜ 9ኙን 1,000 ብር ያከስራል፤ አንዴ ግን 60,000 ያስገኛል። አማካዩ 5,100 ይመጣል። በአማካይ ከሄዱ ሁለተኛውን ያመጣሉ። የሱቅ ኪራይና የቁብ ቀን ሲደርስ ግን የሚከፈለው በእጅ ባለው ብር ነው እንጂ በአማካይ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ቢያንስ 2,000 ብር የማትረፍ ዕድሌ ስንት ነው? በመጀመሪያው ዕቃ 100 በመቶ፣ በሁለተኛው 10 በመቶ። ቢያንስ 10,000ስ? በመጀመሪያው ምንም፣ በሁለተኛው አሁንም 10 በመቶ። በየትኛውም የብር መጠን ሲጠየቅ የአንዱ ዕድል ከሌላው የማያንስ፣ በአንዳንዱም የሚበልጥ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ስቶካስቲክ ዶሚናንስ (በዕድል የሚለካ ብልጫ) አለው ይባላል። ያኔ ብዙ ብር ከጥቂት የሚወድ ሰው ሁሉ፣ ደፋርም ይሁን ጠንቃቃ፣ ያንኑ ይመርጣል። የእርስዎ ዕቃዎች ግን መሐል ላይ ብልጫ ይቀያየራሉ። እዚህ ላይ ሒሳቡ አይፈርድልዎትም። ስንት ጊዜ ከስረው መቆም እንደሚችሉ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ፣ ተማሪ)፦ አንዱ ሌላውን ይበልጣል ሲባል በየቀኑ ይበልጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዝናብ የመጣል ዕድሉ ግማሽ በሆነበት ወቅት ጃንጥላ የሚሸጥና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጥ ሰው እናስብ። ጃንጥላ በዝናብ 500፣ በፀሐይ 100 ብር ያስገኛል። ውሃ በዝናብ 100፣ በፀሐይ 400። ፀሐይ በወጣ ቀን ውሃ ሻጩ ይበልጣል። ሆኖም ቢያንስ 100 ብር ለማግኘት ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ቢያንስ 400 ለማግኘት ሁለቱም ግማሽ ዕድል አላቸው። 500 ለማግኘት ግን ጃንጥላ ሻጩ ብቻ ዕድል አለው። ስለዚህ ጃንጥላ በአንደኛ ደረጃ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ መጽሐፍ ላይ ቸኩለው ያልፉታል። በአንድ ቤት ባልየው ቀድሞውኑ ጃንጥላ የሚሸጥ ከሆነስ? ሚስቱም ጃንጥላ ብትይዝ ቤቱ በዝናብ 1,000፣ በፀሐይ 200 ያገኛል። ውሃ ብትይዝ 600 እና 500። ለየብቻ ሲታይ የነበረው ብልጫ ቤት ውስጥ ሲደመር ጠፋ። ብልጫ የሚለካው በጠቅላላው ገቢ ላይ ነው፤ በአንዱ ንግድ ላይ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ (ከቃሉ፣ ገበሬ)፦ ጋሼ፣ ማሽላ በሦስት ዓመት ውስጥ 7,000፣ 10,000 እና 13,000 ብር አስገኘልኝ። ማሾ 4,000፣ 10,000 እና 16,000። አማካዩ አንድ ነው። እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ነው። ዓመቶቹን እኩል ዕድል እንስጣቸው። ገቢውን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድር። ረድፍ ለረድፍ አንዱ ሁሌም ካላነሰ አንደኛ ደረጃ ብልጫ አለው። የአንተ እንደዚያ አይደለም፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ማሾ አለፈ። ስለዚህ ከታች ጀምረህ እየደመርክ ውጣ። ማሽላ 7,000፣ 17,000፣ 30,000። ማሾ 4,000፣ 14,000፣ 30,000። በድምሩ ማሽላ የትም ቦታ አላነሰም። ይህ ሁለተኛ ደረጃ ብልጫ ነው፤ ኪሳራ የሚከብደው ሰው ሁሉ ማሽላን ይመርጣል ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ከዝናብ ጋር ለሚኖር ቤተሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ደረጃ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ቫሪያንስ (ውጤቱ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካ ቁጥር) ትንሽ የሆነውን መምረጥ አይቀልም?

መልስ፦ ይቀላል፤ ግን አንዳንዴ ያሳስታል። አማካይና ቫሪያንስን አብሮ የማየት ዘዴ በምጣኔ ሀብት ሊቁ በሃሪ ማርኮዊትዝ የ1952 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ታወቀ። አንድ ሰው በእርግጠኝነት 1,000 ብር ይሰጥሃል። ሌላው በእኩል ዕድል 1,000 ወይም 3,000። የመጀመሪያው ቫሪያንስ ዜሮ ነው። ቫሪያንስ ስለፈራህ እሱን ብትወስድ ምን ተረፈህ? ሁለተኛው በምንም መንገድ አይጎዳህም።

ጥያቄ፦ ሎተሪስ?

መልስ፦ በአማካይ የሚመለሰው ከቲኬቱ ዋጋ ካነሰ፣ ብሩን በኪስ መያዝ በሁለተኛ ደረጃ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ይህን የብልጫ ሐሳብ ማን አመጣው?

መልስ፦ በ1969 (እ.ኤ.አ.) የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ሃዳርና ራስል በአንድ ወገን፣ ሃኖክና ሌቪ በሌላ ወገን ደንቦቹን ለየብቻ አሳተሙ። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሌሎቹ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሮትሽልድና ስቲግሊትዝ አማካዩ ሳይቀየር ስጋት ጨመረ ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ አደረጉ። የማሾና የማሽላው ምሳሌ የእነሱን ሐሳብ ይከተላል።

ጥያቄ (ያው የቃሉ ገበሬ)፦ ታዲያ ማሾን ልተው?

መልስ፦ አትቸኩል ወንድሜ። ሦስት ዓመት ትንሽ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሚቆመው በመጀመሪያው ረድፍ፣ ማለትም በክፉው ዓመት ላይ ነው። የ77ን ድርቅ የሚያስታውስ ሽማግሌ ሦስት ዓመት አይቶ አይፈርድም። ማሾ ደግሞ ቶሎ ይደርሳል። ዝናብ ዘግይቶ በገባበት ዓመት ከማሽላ ሊሻል ይችላል። ከሁሉ የከፋው የማሾ ዓመት ከሁሉ ከከፋው የማሽላ ዓመት ከተሻለ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ይገለበጣል፤ የማሽላ ብልጫም እዚያው ይፈርሳል። ስለዚህ ክረምት በዘገየባቸው ዓመታት ሁለቱ ስንት ስንት እንዳስገኙ አባትህንና ጎረቤቶችህን ጠይቅ። ቁጥሩን ላክልኝ፤ እንደገና አብረን እንደምረዋለን።