ለስኳርና ለቆሽት ሕመም ምግብን ከፋፍሎ ስለ መመገብ

እህቴ፣ ኮምቦልቻ የሚኖሩት አባትሽ የስኳርም የቆሽትም ሕመም ስላለባቸው በቀን ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላቸው እንደሆነ ጠይቀሻል። ለቆሽታቸው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ቆሽት ቅባትን የሚፈጨውን ኢንዛይም እንደ ልብ በማያመነጭበት ጊዜ በአንድ ማዕድ የቀረበ ብዙ ምግብ፣ በተለይ ቅቤ የበዛበት ወጥና ጮማ፣ ሕመሙን ሊቀሰቅስባቸው ይችላል። ለስኳሩ ግን ቁም ነገሩ የማዕዱ ብዛት ሳይሆን የቀኑ ጠቅላላ መጠንና የሰዓቱ አለመዛነፍ ነው።

ስለዚህ ምግቡን መከፋፈል እንጂ መጨመር እንዳይሆን አደራ። ምሳ ላይ አንድ ሙሉ እንጀራ ይበሉ ከነበረ፣ ግማሹን በምስር ወጥ በምሳ ሰዓት፣ ቀሪውን ወደ 10 ሰዓት ግድም ቢበሉ መልካም ነው፤ በመካከሉ ስኳር የበዛበት ሻይ ከገባ ግን ድካሙ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የስኳር መውረድ ነው። የተጎዳ ቆሽት ኢንሱሊንን ብቻ ሳይሆን የወረደውን ስኳር መልሶ የሚያነሣውን ግሉካጎንንም ስለሚያሳንስ፣ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ካለፈው ስኳሩ በፍጥነት ሊወርድበት ይችላል። ላብ ካጠመቃቸውና እጃቸው ከተንቀጠቀጠ ወይም የስኳር መለኪያው ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ካሳየ፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጫቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግመሽ ለኪ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳትሰጪ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል አድርሻቸው። ረመዳንም ሆነ ሌላ ጾም ከመያዛቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

አረቄንና ሲጋራን ፈጽሞ ይተዉ። ሰገራቸው ቅባት ያለውና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ይህን ምግብ መከፋፈል ብቻውን አይፈታውም፣ ከምግብ ጋር የሚዋጥ ኢንዛይም ሊያስፈልጋቸው ይችላልና።