ራውንድሄይ (ሊድስ) ቤት ለምትፈልገው እህታችን

እህታችን፣ በመጀመሪያ ለሥራው እንኳን ደስ አለሽ። ጥያቄሽን አነበብኩት። እዚህ ሊድስ ከተማ ሴንት ጀምስ ሆስፒታል ተቀጥረሽ ከለንደን ከባለቤትሽና ከሁለቱ ልጆችሽ ጋር ልትመጪ ነው፤ ኤጀንቱ ራውንድሄይ ሰፈር ቤት እያሳየሽ ነው፤ ኪራዩ ግን አስደንግጦሻል። «ያዋጣል ወይ? ጎረቤቱ ሰፈር ሄርሂልስ ለልጆች አይሆንም የሚባለው እውነት ነው?» ብለሻል። ሁለቱም ጋ ኖሬያለሁ፣ ልጆቼም ያደጉት እዚሁ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝምብሽ።

ኤጀንት «ራውንድሄይ» ሲልሽ ወዲያው አትመኚ። ስሙ ራሱ ኪራይ ይጨምራል፤ ስለዚህ ወደ ሄርሂልስና ወደ ጊፕተን የተጠጋውንም ቤት በዚሁ ስም ያስተዋውቁታል። ፖስትኮዱም (የፖስታ አድራሻ ኮዱ) አያድንሽም፤ ኤልኤስ 8 የሚባለው በፓርኩ ዙሪያ ያለውን ባለ ትልቅ ግቢ ቤትም፣ ሄርሂልስ ውስጥ ያለውን ቤትም ይይዛል። የካውንስሉ (የከተማው አስተዳደር) ራውንድሄይ ዎርድ፣ ማለትም የምርጫ ክልል፣ በዋናነት ራውንድሄይን፣ ኦክውድንና ግሌድሃውን የያዘ ነው። ከላይ፣ በፓርኩና በስትሪት ሌን በኩል፣ ሰፊ ጓሮና ትልልቅ ዛፍ ታያለሽ። ኦክውድ ስትደርሺ ቤቱ ሁለት ሁለት እየሆነ የተጣበቀ ይሆናል፣ ጓሮውም ይጠባል። ራውንድሄይ ሮድን ይዘሽ ወደ መሀል ከተማ ስትወርጂ ደግሞ ቀይ ጡብ ቤቶች እርስ በርስ ተያይዘው ይደረደራሉ፤ ያኔ ሄርሂልስ ገብተሻል ማለት ነው። በአውቶቡስ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ኪራዩ ግን የሁለት ከተማ ያህል ይራራቃል። የኔ ምክር፦ ሰፈር አትምረጪ፣ መንገድ ምረጪ። በአንቺ ቦታ ብሆን ኦክውድ፣ አደባባይ ላይ የቆመው ትልቁ ሰዓት አካባቢ ነበር የምፈልገው።

ሰዓቱን ስትመጪ ታይዋለሽ፣ ሁሉም ሰው ቀጠሮ የሚይዘው እዚያ ነው። መጀመሪያ የተሠራው መሀል ከተማ ላለው ለከርክጌት ገበያ ነበር፤ ኦክውድ የመጣው በ1912 ነው። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። 12 ቁጥር አውቶቡስ ከራውንድሄይ ፓርክ ተነስቶ በኦክውድና በሄርሂልስ አድርጎ መሀል ከተማ ይገባል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ግን አያደርስሽም፣ ሄርሂልስ ወርደሽ በእግርሽ ነው። የሌሊት ፈረቃ ካለብሽ ይህን ከወዲሁ አስቢበት። ዎርዱ ውስጥ የባቡር ጣቢያ የሚባል ነገር የለም። የሚያስቀኝ ደግሞ፣ በብሪታኒያ ከላይ በተዘረጋ ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሳበ የሚሄድ የመጀመሪያው የሕዝብ ትራም በ1891 የተጀመረው እዚሁ ራውንድሄይ መስመር ላይ ነው። ሊድስ በ1959 ትራሙን ጨርሳ ዘጋችው፤ እኛ አሁን ዝናብ ላይ አውቶቡስ እንጠብቃለን።

ፓርኩን በተመለከተ፣ የኪራዩን ግማሽ የምትከፍዪው ለሱ ነው ብትዪ አልከራከርሽም። ከ700 ኤከር በላይ ነው። በ1871 ጆን ባራን የሚባለው የከተማው ከንቲባ ቦታው ለሕዝብ እንዲገዛ ሲያደርግ ብዙ ሰው «ከከተማው ይህን ያህል የራቀ ጫካ ምን ሊያደርግልን ነው?» ብሎ አፌዘበት፤ በ1872 ልዑል አርተር መጥቶ መረቀው። ትራሙ ሲገባ ፌዙ ቀረ። ዛሬ መግቢያው ነፃ ነው (ትሮፒካል ወርልድ የሚባለው የእንስሳትና የእጽዋት ቤት ግን ያስከፍላል)። ዋተርሉ ሐይቅን በሕፃን ጋሪ መዞር ይቻላል፤ ክረምት ላይ ግን ጭቃውን ስለማትችዪው ቦቲ ግዢ። ልጆችሽ ውሻ የሚፈሩ ከሆነም አስቀድመሽ አዘጋጂያቸው፤ እዚህ ውሻ ያለ ገመድ ነው የሚሮጠው፣ ባለቤቱም ከሩቅ «አይነካም!» እያለ ፈገግ ይልልሻል። ፊልም የሚወድ ባል ካለሽ ደግሞ ይህን ንገሪው፦ ሉዊ ለ ፕሪንስ በ1888 ከዓለም የመጀመሪያዎቹ የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ምስል ያነሣው ኦክውድ ውስጥ አንድ ቤት ጓሮ ነው፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ናት። ቤቱ ፈርሷል፣ ስሙ መንገዱ ላይ ቀርቷል።

ትምህርት ቤት። ራውንድሄይ ስኩል ከትንሽ ክፍል እስከ 18 ዓመት ያስተምራል፣ ፈላጊው ብዙ ነው። ዎርዱ ውስጥ መኖር ብቻውን ቦታ አያሰጥም፤ የዎርድ ድንበርና የትምህርት ቤት ድንበር የተለያዩ ናቸው። ውል ከመፈረምሽ በፊት የቤቱን አድራሻ ይዘሽ የትምህርት ቤቱን የቅበላ ደንብ እዪ። ለሁለተኛ ደረጃ ማመልከቻው ኦክቶበር 31፣ ለአንደኛ ደረጃ ጀማሪ ጃንዋሪ 15 ያበቃል፤ ዓመቱ ተጀምሮ ከመጣሽ ግን አሠራሩ ሌላ ነው።

ካውንስል ታክሱንም (ለካውንስሉ የሚከፈለውን የቤት ግብር) ኪራዩ ላይ ደምሪው። ደረጃው ቤቱ በ1991 ያወጣ በነበረው ዋጋ ስለሚወሰን እዚያው አንድ መንገድ ላይ የተለያየ ታገኛለሽ። ከኤ (A) እስከ ኤች (H) ስምንት ደረጃ አለው፤ አድራሻውን ኢንተርኔት ላይ ካስገባሽ ያወጣልሻል።

አሁን ሐበሻ ወደሚዘነጋው ነገር ልምጣ። ዎርዱ 3 ካውንስለሮች (ሕዝብ የሚመርጣቸው የካውንስሉ አባላት) አሉት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ ከያዝሽ ልትመርጫቸው አትችዪም። ኢትዮጵያ ኮመንዌልዝ ውስጥ ስለሌለች ናይጄሪያዊው ወይም ኬንያዊው ጎረቤትሽ በቪዛው ሲመርጥ አንቺ የብሪታኒያ ዜግነት እስክታገኚ ትጠብቂያለሽ። ብዙዎቻችን ከዚህ ተነስተን «እንግዲያ እኔን ምን አገባኝ» እንላለን፤ ይሄ ነው የማይገባኝ። አቤት ለማለት መራጭ መሆን አያስፈልግም። ከቤታችን ጀርባ ጠባብ መተላለፊያ አለች፣ የሊድስ ሰው ጂነል ይላታል። ክረምት ላይ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መሽቶ ነው፣ የጂነሏ መብራት ደግሞ ጠፍቶ ነበር። ካውንስለሮቹ ሰው በሚቀበሉበት ቅዳሜ ሄድኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ስለ ፓስፖርቴ ምንም አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ ፖስትኮዴንና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ነው። ቁጥሩን በስልኬ አንስቼው ነበር፣ ገለበጡት። ብዙም ሳይቆይ በራ። ስለዚህ የዎርድሽን ስም እወቂ። ድንበሩ አንዳንዴ ስለሚከለስ ፖስትኮድሽን ካውንስሉ ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ አረጋግጪ።

ስለ ሄርሂልስ፦ በጁላይ 2024 አውቶቡስ የተቃጠለበትን ረብሻ በቪዲዮ ያየ ሁሉ ሰፈሩን በዚያ ነው የሚፈርደው። እኔ እንጀራና በርበሬ የምገዛው እዚያ ነው፣ ቡና የምጠጣውም። ቆሻሻው አለ፣ ጩኸቱ አለ፣ በእርጥበት የሻገተ ቤትም አለ፤ ግን ልጅ ሲታመም በሌሊት በር የሚያንኳኩበት ጎረቤትም አለ። ላይኛው ራውንድሄይ ሰው ጨዋ ነው፣ በጠዋት ሰላም ይልሻል፣ በዚያው ያበቃል። ለሕፃን ሳንባ ሲባል ግን ሄርሂልስ ቤት የምታዪ ከሆነ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገሽ ጀርባውን ሳታዪ ቀብድ አትስጪ።

የምታያቸውን ቤቶች የመንገድ ስም ብቻ (ቁጥሩን ተዪው) በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ የማውቀው መንገድ ከሆነ እነግርሻለሁ።