ሰኞ ሰኞ የሚመጣው የደረት ጭንቀት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ ካርዲንግ (ጥጥ በማሽን የሚበጠርበት) ክፍል ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። እሁድ ደሴ እናቴ ጋ እውላለሁ፣ ደረቴም ለቀቅ ይለኛል። ሰኞ ሐረጎን ወርጄ ሥራ ስገባ ግን በመቀነት ጥብቅ አድርገው እንዳሰሩኝ ይጨንቀኛል፣ እስላለሁም። ረቡዕ ሐሙስ ሲሆን ይቀለኛል። ጓደኞቼ «ብርድ ነው፣ ቡናሽን በጤና አዳም ጠጪ» ይሉኛል። ለሠራተኛ ማኅበራችን ሊቀመንበር ብነግረው «እኛ የምንከራከረው ስለ ደመወዝ ነው» ብሎ ሸኘኝ። እውነቱን ነው?
የካርዲንጓ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ ብርድ መች ቀን ይመርጣል? ከዕረፍት መልስ ሰኞን ጠብቆ የሚመጣ የደረት ጭንቀት የጥጥ ብናኝ ጠባይ ነው፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። መጀመሪያ ሰኞ ብቻ ነው። ዓመታት ሲቆይ ሳምንቱን ሙሉ ይሆናል፣ ያኔ ሥራውን ብትለቂም ላይለቅሽ ይችላል። ጤና አዳሙን ለጣዕሙ ጠጪው፣ ግን ሐኪም ጋ ሂጂና የምትሠሪበትን ክፍል ሳይጠይቅሽ ንገሪው። ካልነገርሽው አስም ብሎ ሊሸኝሽ ይችላል።

ሊቀመንበሩ ተሳስቷል፣ ያውም በጣም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ፣ ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳ፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዘዋል። የደህንነትና ጤንነት ጉዳይ ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነትም ይገባል። ታዲያ ማኅበሩ ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?

ማኅበር ሲጠይቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስክ ነው የሚጠይቀው። ማስክ አልጠላም፣ ግን ያቺ ስስ የጨርቅ ማስክ ደቃቁን ብናኝ አትይዝም፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳትቆይ አገጭ ላይ ትወርዳለች። ይልቅ ብናኙን ከማሽኑ ሥር የሚስበው መምጠጫ ይሠራል ወይ? ፊልተሩ መቼ ጸዳ? ማሽኑ የሚጸዳው በቫኪዩም ነው ወይስ በኮምፕሬሰር እየተነፋ? በኮምፕሬሰር ከሆነ እሱ ማጽዳት አይባልም፤ ብናኙን ከማሽን አንስቶ ወደ እናንተ ሳንባ ማዛወር ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ግልባጩም ማኅበሩ ጋ ይቅር። ዝም ከተባለ የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለ።

«ያባርሩኛል» ትዪ ይሆናል። የማኅበር አባል መሆንም ሆነ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ አንቀጽ 26 ላይ በግልጽ ጽፎታል። ብቻሽን ግን አትግቢ። ከክፍልሽ እንዳንቺ የሚሰማቸውን ፈልጊ፣ ሁላችሁም ለሁለት ወር ያህል ደረታችሁ የጨነቃችሁን ቀን፣ ፈረቃውንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ገጹ በሰኞ ከሞላ ለሊቀመንበሩም ለሐኪሙም አሳዩት።

ደብተሩን ፋብሪካው ሎከር ውስጥ አታስቀምጪው፣ ቤት ይሁን።